በግራ ክንድ ላይ የተነበበው ዜሮ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ሰኞ ነበር፤ ዝናብም ነበር። ከላብራቶሪ ትምህርት ቤት እንደተመረቅን ዕጣ አወጡልንና ለጓደኞቼ ጋምቤላና አሰብ ሲደርሳቸው ለእኔ አሰላ ወጣ። የኢተያ ልጅ ስለሆንኩ "አንተማ እናትህ ጓዳ ተመደብክ" ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ኮርቼ፣ ነጭ ጋውኔን አስተኩሼ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ደጁ ላይ ቆምኩ።

ሆስፒታሉ ትንሽ ነበር። ድሮ የሚሲዮን ክሊኒክ ሆኖ በአብዮቱ ጊዜ የተወረሰ፣ ከአሰላ ወጣ ብሎ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ዛሬ በቦታው የለም። ላብራቶሪው አንዲት ክፍል ስትሆን በምሥራቅ በኩል ትልቅ መስኮት ነበራት። መስኮቱ ለአየር አልነበረም። ማይክሮስኮፓችን የራሱ መብራት የሌለው፣ ብርሃን በመስታወት የሚቀበል ስለነበር የምንሠራው በፀሐይ ነው። ክረምት ሲገባ ግማሽ ቀን ደመናውን እየረገምን እንቀመጣለን።

የላብራቶሪው ኃላፊ አቶ ደገፉ ይባላሉ። ከሚሲዮኖቹ ዘመን ጀምረው የነበሩ፣ ጠጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ሲናገሩ ጆሮ የሚያስቀስሩ ሰው ነበሩ። ዲፕሎማዬን አላዩም፤ ጥፍሬን አዩ። ቁረጠው አሉኝ። ከዚያ እስከ ምሳ ድረስ ስላይድ አሳጠቡኝ።

ከምሳ በኋላ የቲቢ መመርመሪያ መርፌ አወጋግ አሳዩኝ። በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ እሳቸው ግን እንዳልተማርኩ አድርገው ከመጀመሪያው ጀመሩ። በክንድ ውስጠኛ ገጽ፣ ከቆዳው ሥር ሳይሆን ከራሱ ከቆዳው ውስጥ፣ ከቲቢ ተህዋስ የወጣ ጠብታ ፈሳሽ ይገባል። ምስር የምታክል ነጭ ጉብታ ትወጣና ትጠፋለች። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ተመልሶ ይመጣል። ሰውነቱ ያንን ነገር ከዚህ በፊት የሚያውቀው ከሆነና የመከላከል ጉልበት ካለው ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይጠነክራል። የጠነከረውን በጣት ዳብሰን፣ በማስመሪያ ለክተን፣ ሚሊሜትሩን መዝገብ ላይ እንጽፋለን። ምንም ከሌለ ዜሮ ነው።

"ግራ ክንድ ላይ ብቻ" አሉኝ አቶ ደገፉ። "ዛሬ አንተ ትወጋለህ፣ ሐሙስ እኔ አነባለሁ። ሁላችንም ግራ ላይ ከወጋን ማንም ማንንም መጠየቅ የለበትም።"

እሺ አልኩ። ለዚህ ለዚህማ ዲፕሎማ ምን ያደርጋል ብዬ በልቤ ሳቅኩ።

የነጭ የደም ሴል አቆጣጠራችንን ብነግራችሁ እናንተ የአሁኖቹ አታምኑኝም። መቁጠሪያ መሣሪያው ተሰብሮ ነበርና አቶ ደገፉ አምስት ባዶ ቆርቆሮ ደርድረው በእህል ይቆጥሩ ነበር። በማይክሮስኮፑ እያየን ለየዓይነቱ ሴል አንድ ፍሬ እንጥላለን፤ መቶ ሲሞላ እናቆማለን። ለኒውትሮፊል ስንዴ፣ ለሊምፎሳይት ምስር፣ ለኢዮሲኖፊል ባቄላ። ኢዮሲኖፊል በሆድ ትል ጊዜ የሚበዛ ሴል ስለሆነ የባቄላው ቆርቆሮ ጾሙን ውሎ አያውቅም። አይጥ ስንዴውን የበላብን ቀን አቶ ደገፉ በኪሳቸው ሽምብራ ይዘው መጡ፤ ሥራው አልቆመም። እኔም በሁለት ወር ውስጥ ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሳ እህሉን በጣቴ ለይቼ መጣል ቻልኩ።

በሁለተኛው ዓመቴ ዶክተር ዮናስ መጡ። ቀዶ ሐኪም ናቸው፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን የሚወጡ። በመጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አንድ ነገር ልባቸውን በላው። በባዶ እግር የሚሄዱ ገበሬዎች በውስጥ እግራቸው ላይ ጥቁር እባጭ ይዘው ይመጣሉ። ዶክተሩ ቆርጠው ያወጡታል። ከወራት በኋላ ሰውየው ተመልሶ ይመጣል፤ ባቱ ላይ አምስት፣ ስድስት ትናንሽ ጥቁር እባጮች ተደርድረው። የቆዳ ካንሰር ነው። ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው እግሩ ነው፤ እግሩ ተቆርጦም ብዙውን ጊዜ ሰውየው አይተርፍም።

ሚሲዮኖቹ ጥለውት የሄዱት የመጽሔት ክምር ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር፤ ከላይ ዝናብ ከታች አይጥ ተካፍለውታል። ዶክተር ዮናስ ምሳ ሰዓታቸውን እዚያ ማሳለፍ ጀመሩ። አንድ ቀን ዳሩ የተበላ መጽሔት ይዘው ላብራቶሪ ገቡ። ለሕፃናት ትከሻ ላይ የምንወጋውን የቲቢ መከላከያ የቢሲጂ ክትባት በውጭ አገር ያሉ ሐኪሞች እንዲህ ያሉ እባጮች ውስጥ ወግተውት አንዳንዶቹ ከስመዋል ይላል። እኔ አልገባኝም፤ ክትባት ምን አገባው አልኩ።

"ካንሰሩ የራስህ ሥጋ ነው" አሉኝ። "የሰውነትህ ዘበኛ የቤት ልጅ መስሎት ዝም ይለዋል። ቢሲጂ ግን ባዕድ ነው። ባዕዱን ከካንሰሩ ውስጥ ብትከተው፣ ዘበኛው ባዕዱን ሊይዝ ሲመጣ የተደበቀውንም ያገኘዋል። ዘበኛው ከነቃ ነው ታዲያ።"

"መንቃቱን በምን እናውቃለን?" አልኩ።

"በአንተ ማስመሪያ" አሉ።

ነገሩ ይህ ነበር። የቲቢ መመርመሪያውን መርፌ ክንድ ላይ ወግተን ካበጠ ሰውነቱ ይመልሳል ማለት ነው፤ ካላበጠ አይመልስም። ያን ቀን ከሰገራ ኩባያ መካከል ቀና ብዬ፣ እንደ ትልቅ ሰው ተሰማኝ።

በሐሙሱ የሠራተኞች ውይይት ላይ የፖለቲካ ኃላፊው ይህን ሰምቶ የባዕዳን ሙከራ በጭቁኑ ገበሬ ላይ ልትሠሩ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ዶክተሩ ተነሥተው፣ "ጓድ ኃላፊ፣ ሰውነት በራሱ ኃይል ተማምኖ ጠላቱን እንዲዋጋ ማንቃት ነው" አሉ። ኃላፊው አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። አቶ ደገፉ ብቻ ከንፈራቸውን ነክሰው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

መጀመሪያ የታከሙት አቶ በዳሳ የሚባሉ የኦጎልቾ ገበሬ ነበሩ። ክንዳቸው አሥራ ስምንት ሚሊሜትር አበጠ። ዶክተሩ ክትባቱን በጥብጠው ባታቸው ላይ ያሉትን እባጮች አንድ በአንድ ወጉ። አቶ በዳሳ በማግስቱ በትኩሳት ተንቀጠቀጡ፤ እባጮቹ ቀሉ፣ መገሉ፣ ቅርፊት ያዙ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዳንዶቹ ቦታቸው ብቻ ቀረ። ያልተወጋ አንድ እባጭም ነበር፤ እሱም ሟሸሸ። ዶክተር ዮናስ ያችን ቦታ በጣታቸው እየዳበሱ እንደ ልጅ ሳቁ። አቶ በዳሳ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለጥምቀት አንድ ጆንያ ድንች ይልኩልን ነበር። ድንቹ መምጣት ያቆመው ሰውየው በሌላ በሽታ ሲሞቱ ነው።

ሁለተኛው ከኢተያ የመጡ ቄስ ነበሩ። ክንዳቸው ዜሮ ሆነ። ቢሆንም ዶክተሩ ተስፋ አድርገው ወጉዋቸው። ትኩሳቱ መጣ፣ ቁስሉ መጣ፣ እባጩ ግን ባለበት ቀረ። ቄሱ ስድስት ሳምንት በከንቱ ተሠቃይተው ሞቱ። ዶክተር ዮናስ ከቀብር ሲመለሱ ላብራቶሪ በር ላይ ቆመው፣ ከእንግዲህ ክንዱ ሳያብጥ ማንንም አልወጋም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቁጥር ፍርድ ሆነ። ፍርዱን የምንጽፈው እኔና አቶ ደገፉ ነበርን።

አዴ ሎሚ በነሐሴ፣ አንድ ሰኞ ከጢቾ መጡ። አዴ እኛ አገር ለእናት የሚሰጥ የአክብሮት ስም ነው። መርገጥ ስላቃታቸው እስከ መኪናው ድረስ በፈረስ፣ ከዚያ ልጃቸው ጫልቱ ደግፋቸው ነው የደረሱት። ባለቤታቸው ሞተው ገብሳቸውንም ፈረሶቻቸውንም ራሳቸው የሚያስተዳድሩ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። ውስጥ እግራቸው ላይ የነበረው እባጭ በፊት ተቆርጦላቸዋል። አሁን ባታቸው ላይ አራት ወጥተዋል። ዶክተሩ አይተው እንደ በዳሳ ነው፣ ገና ነው፣ በጊዜ መጥተዋል አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር። ወረቀቱን ጽፈው ወደ እኔ ላኳቸው።

ስሪንጁን ሳዘጋጅ፣ ሳልጠይቃቸው ቀኝ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። በግራ እጃቸው የቀኙን ክርን ደግፈው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለሽማግሌ እንደሚሰጥ አድርገው ሰጡኝ። እኔ የልጃቸው እኩያ ነበርኩ።

ግራዎን ይስጡኝ ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። በእኛ አገር ግራ እጅ ለሰው አይሰጥም። ልጅ ሆኜ ለአክስቴ ውሃ በግራ እጄ ስላቀበልኩ እናቴ ከእንግዳው ሁሉ ፊት መትታኛለች። እኒህ እናት አክብረው የዘረጉትን እጅ አይ፣ ያኛውን ማለት አፍንጫቸው ላይ በር መዝጋት መሰለኝ። ቀኙ ላይ ወጋሁ። ጉብታዋ ጥሩ ሆና ወጣች።

መዝገባችን ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ የተወጋበት ቀን፣ የተነበበበት ቀን፣ ሚሊሜትር የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። ክንድ የሚል አልነበረም። ሁሌም ግራ ስለሆነ አያስፈልግም። ለአቶ ደገፉ ልነግራቸው አሰብኩ። ከዚያ ሐሙስ የማነበው እኔው ነኝ፣ ምን አስቸኮለኝ ብዬ ተውኩት።

ረቡዕ ማታ ትእዛዝ መጣ። ከየክፍሉ አንድ አንድ ሰው ሐሙስ ለዛፍ ተከላ ዘመቻ ይወጣል። ከላብራቶሪ እኔ ተመደብኩ፤ አቶ ደገፉ ወገባቸውን ያማቸው ነበር። ሐሙስን ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ችግኝ ስተክል ዋልኩ። ስለ አዴ ሎሚ ክንድ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም።

ዓርብ ጠዋት መዝገቡን ገለጥኩ። በስማቸው ትይዩ፣ በአቶ ደገፉ ቀጥ ያለ ጽሕፈት፣ ዜሮ ተጽፏል። ምስኪን እናት አልኩ። ቄሱ ትዝ አሉኝ። ከዚያ ቅጠሉን ገልጬ ወደ ዕለቱ ሥራ ሄድኩ። ያች ደቂቃ ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የምጠላት ናት። የወጋሁበትን ክንድ ረስቼው ነበር ብል ግማሽ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ፣ አቶ ደገፉ ተሳስተው ስለማያውቁ የእሳቸው ጽሕፈት ያለበትን ነገር መጠየቅ አልለመድኩም ነበር።

ዶክተሩ አራቱን እባጮች ቆርጠው አወጡና ሌላ ከወጣ ተመለሱ ብለው አሰናበቷቸው። ለጫልቱ መርፌው ለእናቷ እንደማይሆን ነገሯት።

የተመለሱት በታኅሣሥ ነው። በመካከሉ መንደር ምሥረታ መጥቶ ቤታቸውን አፍርሰው፣ እንጨቱን ተሸክመው፣ ሜዳ ላይ በተሠመረ መስመር ሌላ ቤት ሲሠሩ ከርመዋል። እባጩ ጭናቸው ላይ ደርሷል፤ ብሽሽታቸው ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያክል ወጥቷል። ቀጥ ያሉት ሴት ጎብጠዋል። አልጋ ያዙና እኔ ደም ልወስድ ገባሁ።

እንደ ልማዳቸው ቀኝ ክንዳቸውን ዘረጉ። እጅጌያቸውን ወደ ላይ ስሰበስብ ከክንዳቸው ውስጠኛ ገጽ ላይ ስሙኒ የሚያክል ጥቁር ክብ ምልክት አየሁ፤ ቆዳው ተቀርፎ የዳነ ጠባሳ ነው። ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ገብቶኛል። ቢሆንም ጠየቅኩ።

"ያኔ አንተ የወጋኸኝ ነው" አሉኝ በኦሮምኛ። "በማግስቱ አበጠ። ቀላ፣ አሳከከ፣ ውሃ ቋጠረ። መድኃኒቱ ጠላኝ ብዬ ፈራሁ። ይህን ካዩ ደምሽ መጥፎ ነው ብለው ወደ ቤቴ ይሰዱኛል አልኩ።"

"ሐሙስ ሲመጡ ለምን አላሳዩም?"

"ሰውዬው ግራሽን አለኝ። ግራዬን ሰጠሁት። ቀኙን በነጠላዬ ሸፈንኩ።"

ደሙን እንዴት እንደወሰድኩ አላስታውስም። ላብራቶሪ ገብቼ ቱቦውን ማስቀመጫው ላይ አቁሜ ለአቶ ደገፉ ነገርኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጠርዝ ብዙ ጠረጉት።

"ግራ ብዬህ ነበር" አሉ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እኔም ሁለቱንም ግለጡልኝ ማለት እችል ነበር" አሉ። መዝገቡን ከመደርደሪያው አውርደው በብብታቸው ያዙና አብረን ወደ ዶክተር ዮናስ ሄድን።

ዶክተሩ ቆመው ሰሙን። መዝገቡን ተቀብለው ያችን ዜሮ ረጅም ጊዜ አዩዋት። እኔ ላይ አልጮሁም። አሁኑኑ ድገመው፣ ግራ ላይ፣ አንተ ወግተህ አንተው ታነበዋለህ አሉኝ። ዘመቻ ቢመጣብኝ እሳቸው ራሳቸው ሄደው ችግኝ እንደሚተክሉልኝ ነገሩኝ። እንደዚያ ሲቀልዱ ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም።

ሦስቱን ቀን በጸሎት አሳለፍኩ ብል አላጋነንኩም። ጸሎት ተደብቆ በሚደረግበት ዘመን አቶ ደገፉ ፕሮቴስታንት መሆናቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም ግን አያነሳውም። በሁለተኛው ቀን ስላይድ በምናቀልምበት ጥግ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመው አገኘኋቸው። ድምፅ ሳላሰማ ወጣሁ። በየጠዋቱ በሕሙማኑ ክፍል መስኮት አጠገብ አልፌ የአዴ ሎሚን ግራ ክንድ ከሩቅ አያለሁ። እብጠቱ ያልታየኝ በነጠላ ተሸፍኖ ይሆናል ብዬ ራሴን አሞኛለሁ።

በሦስተኛው ቀን ክንዳቸውን ብርሃን ላይ አድርጌ አየሁ። በጣቴ ዳበስኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ደግሜ ዳበስኩ። ማስመሪያውን ከኪሴ ማውጣት እንኳ አላስፈለገኝም። ቆዳቸው ለስላሳ ነበር። እርግጠኛ ለመሆን ቀኙንም ገለጥኩ፤ ከአሮጌው ጠባሳ በቀር ምንም የለም። የደማቸውን ስላይድ ስቆጥር ስንዴው ሞልቶ ዘበኞቹን ሴሎች የምንቆጥርበት ምስር የቆርቆሮውን ወለል እንኳ አልሸፈነም። በሽታው ሲጸና ሰውነት መመለስ ያቆማል። ከመጽሔቱ አንብበነው ነበር፤ አሁን በእጄ ነካሁት።

ዶክተር ዮናስ ወረቀቱን አይተው ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት።

"ያኔ የጻፍነው ዜሮ ውሸት ነበር" አሉ። "የዛሬው እውነት ነው።"

ያኔ ጀምረን ቢሆን ይድኑ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እንዲመልሱልኝ ፈልጌ ነበር፤ እንዳይመልሱልኝም ፈልጌ ነበር።

"አላውቅም" አሉ። "በዳሳ ዳነ። ሌላው ባይድንስ? አላውቅም። ዕድሉ ግን የእሳቸው ነበር። እኛ ወሰድንባቸው።"

እኛ አሉ፤ አንተ አላሉም። ውለታቸውን አልረሳም፤ እውነቱን ግን አውቀዋለሁ።

ለአዴ ሎሚ መንገር ያለብኝ እኔ ነኝ አልኩ። ዶክተሩ አላስገደዱኝም፣ አልከለከሉኝምም። ጫልቱ ልብስ ልታጥብ ወጥታ ነበር። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ በገዛ ቋንቋቸው ነገርኳቸው። የዚያን ጊዜ ክንዳቸው ማበጡ መልካም ምልክት እንደነበረ፣ እኛ የምንፈልገውም እሱን እንደነበረ፣ ቀኝ ላይ ወግቼ ስላልጻፍኩ መድኃኒቱ እንደቀረባቸው፣ አሁን ደግሞ ሰውነታቸው ስለደከመ ጊዜው እንዳለፈ። ከዚህ የረዘመ ንግግር ተናግሬ የማውቅ አይመስለኝም።

የቀኝ እጅጌያቸውን ገልጠው ጠባሳውን አዩት።

"ሰውነቴ ደህና ነበር ማለት ነው?" አሉ።

"ደህና ነበር።"

"እኔ ደግሞ አፍሬበት ሸፈንኩት" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሁለት ቀን ሰላምታዬን አልመለሱም። ጫልቱ እናቷ ምን እንደሆኑ አልገባትም ነበር፤ ሕመሙ ነው ብላ ለእኔ ይቅርታ ትጠይቀኝ ነበር። ያ ይቅርታ ከሁሉም የባሰ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ደም ልወስድ ገባሁ። ገና አልጋው ጋ ሳልደርስ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ግራውን። ቀኝ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ተኝቷል፤ ክርናቸውን የደገፈ ነገር የለም። ራሳቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ተቀብዬ ወጋሁ። ሁለቴ ሳትኩ፤ ክንዳቸውን አልሰበሰቡም። ንቀውኝ እንደሆነ፣ ወይም ልጁ ደግሞ እንዳይሳሳት ብለው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያም በኋላ እስከ መጨረሻው የሰጡኝ ግራቸውን ነበር።

የሞቱት በጥር ነው። ሬሳቸው ጢቾ ተወሰደ። በሳምንቱ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። አዲሱ መንደር ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበሩ በደጅ በታሰሩት ፈረሶች ነው የለየሁት። ለጫልቱም ነገርኳት፤ እናቷ ሳይነግሯት ሞተዋል። እናቴን የገደላት ያ ስህተት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዶክተሩ እንዳሉኝ፣ አላውቅም፣ ዕድሉን ግን እኛ ወሰድንባቸው አልኳት። ወተት አቀረበችልኝ። ስነሣ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። በእኛ አገር እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም። እስከ መንገዱ ድረስ ብቻዬን ወጣሁ።

በዚያው ዓመት ዶክተር ዮናስ ወደ ሰሜን ግንባር ተላኩ። አልተመለሱም፤ ሥራውም ከእሳቸው ጋር ቆመ። መጽሔቶቹን አይጥ ጨረሳቸው። እኔ በዚያችው ክፍል፣ በኋላም በሌሎች ቦታዎች፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠራሁ። ቅር ብሎኝ ሥራውን ልተው ያሰብኩበት ጊዜ ነበር። አቶ ደገፉ፣ ብትሄድ በአንተ ቦታ የሚመጣው ልጅ ይህን አያውቅም አሉኝ። ቀረሁ።

ባለፈው ጊዜ አንዲት ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያ አሁን በትልልቅ አገሮች ካንሰርን የሰውነትን የራሱን መከላከያ በማንቃት እንደሚያክሙ አጫወተችኝ። መድኃኒቱ ለሁሉም ይሠራል ወይ አልኳት። አይሠራም፤ የማን ሰውነት እንደሚመልስ አስቀድሞ ለማወቅ ገና እያጠኑ ነው አለችኝ። የእኛም ጥያቄ እሱ ነበር። እኛ ማስመሪያና ምስር ነበረን፤ ለአዴ ሎሚ ማስመሪያው ይበቃ ነበር።

ከአዴ ሎሚ ሞት በኋላ አቶ ደገፉ መዝገቡን አውጥተው፣ በቀይ እስክሪብቶ ከቀኑና ከሚሊሜትሩ መካከል አንድ ጠባብ ዓምድ በየገጹ አሠመሩ። ከላይ "ክንድ" ብለው ጻፉ። ባዶ ገጾቹ እስኪያልቁ ድረስ ሲያሠምሩ ከሰዓት በኋላው አለቀ። ከዚያ ወደ ኋላ ወደ ነሐሴው ገጽ ተመልሰው በአዴ ሎሚ ስም ትይዩ ኅዳጉ ላይ ቦታ አሳዩኝና እስክሪብቶውን ሰጡኝ። "ቀኝ" ብዬ ጻፍኩ። ዜሮዋን አልሰረዝናትም፤ መዝገብ አይሰረዝም።

ሰው እጁን ሲሰጣችሁ የትኛውን እንደሰጣችሁ ጻፉ። ስታነቡም ሁለቱንም ክንድ ግለጡ።